ሌባው ማን እንደሆነ ግሱ እንዳያሳብቅ

«ጤና ይስጥልኝ። ሰባተኛ ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ፤ ክፍሌ ውስጥ 60 ተማሪ አለ። ልጆቹ የሰዋስው ፈተና ላይ ጎበዞች ናቸው፤ ስሙን ከቅጽሉ፣ ባለቤቱን ከተሳቢው ለይተው ያከብባሉ። ራሳችሁ ጻፉ ሲባሉ ግን ያ ሁሉ እውቀት የት እንደሚገባ እንጃ። ዐረፍተ ነገሩ ሳይታሰር ያልቃል፤ በ‹እኔ› የጀመረው ታሪክ በ‹እሱ› ይጨርሳል። ስለዚህ በዚህ መንፈቅ ዓመት ሰዋስውን በፈጠራ ጽሑፍ ላስተምር ብዬ ተነሣሁ። ‹ቢያንስ 10 ቅጽል ያለበት አጭር ታሪክ ጻፉ› አልኩ። ሦስት ሌሊት በቀይ እስክሪብቶ ሳርም አመሸሁ። ግማሾቹ ‹ከእንቅልፌ ባነንኩ፤ ለካ ሕልም ነው› ብለው ያበቃሉ። ወረቀቱን ስመልስላቸው ሁሉም ውጤቱን አይቶ አጥፎ ከተተው፤ ያረምኩትን ያነበበ የለም። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊም ‹ፈተናው ምርጫ ነው፤ ተረቱን ይተዉትና ወደ መጽሐፉ ይመለሱ› አሉኝ። ልመለስ? ቀዩን እስክሪብቶስ ልጣለው?
የደከመኝ መምህር»

የደከመዎት መምህር፣

አይመለሱ። 10ሩን ቅጽል ግን ይተዉት፤ ነገሩ የተበላሸው እዚያ ላይ ነው። እኔም ሠርቼዋለሁና በደንብ አውቀዋለሁ። ማስተማር በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ልክ እንደ እርስዎ ቁጥር ሰጥቼ አጻፍኩ። አንዱ ልጅ «ትልቅ፣ ጥቁር፣ ረጅም፣ ወፍራም፣ ኃይለኛ፣ አስፈሪ ውሻ መጣ» ብሎ ስድስቱን በአንድ ትንፋሽ አራገፈልኝና የቀሩትን አራቱን ለድመቷ ሰጣት። ከዚያ ወዲያ ውሻውም ድመቷም እስከ ታሪኩ መጨረሻ ከቦታቸው ንቅንቅ አላሉም። ልጁ ምን ያድርግ? ቅጽል አምጣ ተባለ፤ አመጣ። ቅጽሉን የፈለግሁት እኔ እንጂ ታሪኩ አልነበረም።

ታሪኩን የሰዋስው ማንጠልጠያ ስናደርገው ልጁ ሁለቱንም ይጠላል። ታሪኩ ራሱ አንድ ቦታ ላይ አስጨንቆት «ይኼን እንዴት ልበለው?» ሲል የሚነገረው ደንብ ግን ጠብ አይልም። የእርስዎ ሥራ እንግዲህ እንዲህ የሚያስጨንቅ ታሪክ መፈለግ ነው። ቀላል ነው ማለቴ አይደለም።

ለኃላፊው የሚነግሩት ነገር ካስፈለገዎት፣ ሰዋስው ለብቻው ተነጥሎ ሲሰጥ ወደ ጽሑፍ እንደማይሻገር በ60 ደብተር ያዩትን ሌሎችም አይተውታል። እ.ኤ.አ. በ1963 በአሜሪካ የወጣው የሪቻርድ ብራዶክና የባልደረቦቹ ዘገባ እስከዚያ ድረስ የተሠሩትን ጥናቶች መርምሮ፣ መደበኛ ሰዋስውን ማስተማር ጽሑፍን በማሻሻል ረገድ ያለው ጥቅም ኢምንት ነው፤ የመጻፊያውን ሰዓት ስለሚሻማም ሊጎዳ ይችላል አለ። እ.ኤ.አ. በ2007 ስቲቭ ግራሃምና ዶሎረስ ፐሪን ከ4ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ባሉ ተማሪዎች ላይ የተሠሩ ጥናቶችን ሲያጠቃልሉም ተነጥሎ የሚሰጠው ሰዋስው አልረዳም፤ አጫጭር ዐረፍተ ነገሮችን የማጣመር ልምምድ ግን ረድቷል። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ የእንግሊዙ ኤክስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ዴብራ ማይሂልና ባልደረቦቿ፣ ሰዋስው በሚጻፈው ነገር ውስጥ ገብቶ «እንዲህ ብል አንባቢዬ ምን ይሰማዋል?» በሚል ምርጫ ሲቀርብ የተማሪዎቹ ጽሑፍ እንደተሻሻለ አሳዩ። የበለጠ የተጠቀሙት ግን ቀድሞም ደህና አድርገው ይጽፉ የነበሩት ናቸው። ይህችን የመጨረሻዋን ነገር ይያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ። ጥናቶቹ የተሠሩት በእንግሊዝኛ ስለሆነ እንዳሉ ወደ እኛ አልገለብጣቸውም። የአማርኛ ግስ የሚሸከመው ጭነት ሌላ ነው፤ ለታሪክ ደግሞ የሚመቸው እሱ ነው።

የሌባውን ታሪክ ልንገርዎት። ለልጆቹ እንዲህ አልኳቸው፦ «አንድ ሳጥን ተከፍቶ ውስጡ ያለው ነገር ጠፍቷል። ተጠርጣሪዎቹ አንድ ወንድ ልጅ፣ አንዲት ሴት ልጅና አንድ አዛውንት መምህር ናቸው። ሌባው ማን እንደሆነ እስከ መጨረሻው ዐረፍተ ነገር እንዳይታወቅ አድርጋችሁ ጻፉ።» ስለ ሰዋስው ትንፍሽ አላልኩም። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ፊት ለፊት የተቀመጠች ልጅ እጇን አወጣች። «መምህር፣ ‹ሳጥኑን ከፈተች› ካልኩ እኮ ሴት መሆኗ ታወቀ!»

ሰሌዳው ላይ ጻፍኩት። ከፈተ። ከፈተች። በአማርኛ ባለቤቱን ብንሰውረው እንኳ ግሱ ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ ያሳብቃል። ታዲያ ሌባውን የት እንደብቀው? ከዚህ በኋላ ክፍሉ ራሱን መራ። አንዱ «‹ሳጥኑ ተከፈተ› እንበላ» አለ፤ ተገብሮን አገኘ። ሌላው «ሌባው ራሱ ይተርክልን፤ ‹ከፈትኩ› ሲል ወንድ ይሁን ሴት አይለይም» አለ፤ አንደኛ መደብ ጾታ እንደማይለይ ማንም ሳይነግረው ደረሰበት። ከኋላ ወንበር አንዲት ዝምተኛ ልጅ «‹ከፈቱ› ብንልስ?» ስትል ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከፈቱ የተባሉት ብዙ ሌቦች ናቸው ወይስ አዛውንቱ መምህር? የአክብሮቱ መልክ ከብዙ ቁጥሩ ጋር አንድ ነው፤ ጾታም አይለይም። ልጅቷ በአንድ ቃል ሦስቱንም ተጠርጣሪዎች ሸሸገቻቸው። እኔ «እሳቸው»ን እስከዚያች ቀን የማስተምረው እንደ ጨዋነት ትምህርት ነበር፤ መደበቂያም እንደሚሆን ከእሷ ነው የተማርኩት።

«አንድ ሰው ከፈተው» ያለም ነበር። ሰው ብለን ስንጀምር ግሱ በወንድ ይሄዳል፤ ሰውየው ሴት ብትሆንስ? እዚህ ላይ ተጨቃጨቁ፤ ሳይስማሙ ደወሉ ተደወለ። ምንም አይደለም።

መደብ፣ ጾታ፣ ቁጥር የሚሉትን ስያሜዎች የሰጠኋቸው በማግስቱ ነው። ቅደም ተከተሉን ልብ ይበሉልኝ። ስያሜው ቀድሞ ቢመጣ ኖሮ እንደተለመደው ደብተር ላይ ተገልብጦ ይቀር ነበር፤ ሌባ ሲደብቁ አድረው ሲመጡ ግን ስሙን የሰጠኋቸው ለሚያውቁት ነገር ነው። ከዚያ የርባታውን ሰንጠረዥ አወጣሁ። አዎ፣ ሰንጠረዡን አልጣልኩትም። ልጆቹ ጾታ የሚደብቁትን ሳጥኖች ለማግኘት ከላይ እስከ ታች ሲያነቡት ሳይ፣ በሕይወቴ ሰንጠረዥ በጉጉት ሲነበብ ያየሁበት ብቸኛው ቀን ሳይሆን አይቀርም።

ከዚህ ወደ አዕማድ፣ ማለትም ድርጊቱን ማን እንዳደረገና በማን ላይ እንደተደረገ ወደሚያሳዩት የግስ መልኮች፣ መሻገር ይቻላል። አድራጊ፣ ተደራጊ፣ አስደራጊ፣ ተደራራጊ፣ አደራራጊ ብለው ልጆቹ እንደ ዜማ ይወርዱታል፤ ምን እንደሆነ ሲጠየቁ ደግሞ ዜማውን ይደግሙልዎታል። «መታ»ን ይስጧቸው፦ መታ፣ ተመታ፣ አስመታ፣ ተማታ፣ አማታ። በእረፍት ሰዓት አንድ ጠብ ተነሥቷል ይበሉና ያንኑ ጠብ ለአምስት ሰው ያካፍሉት፤ እያንዳንዱ ቡድን በአንዱ አፍ ይተርከው። «አማታ» ጋ ሲደርሱ ሁሉም የሚያውቀው ሰው ትዝ ይለዋል፤ ሁለቱን አናክሶ ራቅ ብሎ የሚቆም በየክፍሉ አለ። አሁን እሱ ራሱ ይተርክ ሲባል ምን ብሎ ይጀምራል? «እኔ አላየሁም፤ ብቻ ተማቱ።» አማታ የሚለውን ቃል አፉ ላይ አያደርሰውም። የመታው ደግሞ «ተመታ» ይላል፣ ማን እንደመታ ሳይናገር። ልጆቹ ይህን የተካኑበት ከቤታቸው ነው፤ «ብርጭቆው ተሰበረ» ብሎ ያላመለጠ ልጅ የለም። «ተ» የምትሠራውን ሥራ ያውቁታል፤ እያወቁ እንደሚሠሩበት ነው የማያውቁት።

«ን»ም የራሷ ክፍለ ጊዜ ይገባታል፤ ግን አጭር። «ውሻው ልጁን ነከሰው» ብለው ይጻፉና «ን»ን አጥፍተው ውሻው ላይ ይለጥፏት፦ «ውሻውን ልጁ ነከሰው።» ከዚያ «ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? በአንድ ገጽ አስረዱኝ» ይበሉ። ከዚህ በላይ ማብራሪያ አያስፈልግም። ከሚያነቧቸው ታሪኮች ቢያንስ በአንዱ ጮክ ብለው ይስቃሉ፤ «ን» የጣለ ልጅም ከዚያ በኋላ «ማን ነው የተነከሰው?» ሲባል ወዲያው ይገባዋል።

ሳይታሰር የሚያልቀው ዐረፍተ ነገር ግን ጊዜ ይፈልጋል፤ ከጻፉልኝ ችግር ሁሉ ከባዱ እሱ ይመስለኛል። ስንፍና አይደለም፤ የመጣው ከጆሮ ነው። ስናወራ በቦዝ አንቀጽ እያያዝን እንሄዳለን፦ ተነሥቶ፣ ፊቱን ታጥቦ፣ ለብሶ፣ ደብተሩን ይዞ... ሰሚው ፊታችን ስላለ ማሰሪያው፣ ዐረፍተ ነገሩን የሚዘጋው ግስ፣ ባይመጣም በእጃችንና በዓይናችን እንዘጋለታለን። ወረቀት እጅም ዓይንም የለውም። እኔ የምሠራው ጨዋታ ትንሽ የሚያሳፍር ነው፤ ይጠቅማልና ልንገርዎት። ልጆቹ ሁለት ሁለት ይሆናሉ። አንዱ የጻፈውን ያነባል፤ ጓደኛው በአንድ እግሩ ቆሞ ያዳምጣል፤ እግሩን ማውረድ የሚችለው ማሰሪያ አንቀጹ ሲመጣ ብቻ ነው። አንዴ አንዱ ልጅ አንድ ሙሉ አንቀጽ በቦዝ ሲነዳ ጓደኛው ተንገዳግዶ ጠረጴዛው ላይ ወደቀና «እሰረው እንጂ!» ብሎ ጮኸ። ያ ልጅ ማሰሪያ አንቀጽን ድጋሚ ረሳ እንዳልልዎት፣ ረስቷል፤ ግን ጓደኛው እንዳይወድቅ ብሎ እየተመለሰ ያይ ጀመር።

ከዚያ የማጣመሩ ልምምድ ይምጣ። አራት ዐረፍተ ነገር ሰሌዳ ላይ ያስፍሩ፦ «ልጁ ቁልፉን አገኘ። ቁልፉ ዝጓል። ልጁ በሩን ከፈተ። ልጁ ገባ።» አንድ አድርጓቸው ሲሏቸው «ልጁ የዛገውን ቁልፍ አግኝቶ በሩን ከፍቶ ገባ» የሚል ይመጣል። ጎሽ፤ «ቁልፉ ዝጓል» ቅጽላዊ ሐረግ ሆነ፣ «ልጁ» የሚለው መደጋገም ቀረ። ብዙ መምህር እዚህ ላይ ያቆማል። እርስዎ አንድ እርምጃ ይጨምሩ፦ «ከበሩ ኋላ የሚያስፈራ ነገር ቢኖርስ?» አንዱ ይህን ይሰጥዎታል፦ «ልጁ የዛገውን ቁልፍ አገኘ። በሩን ከፈተ። ገባ።» አሁን አራት ነጥቡ የእግር ኮቴ ሆነ። የትኛው ትክክል ነው ብለው ይጠይቁዎታል፤ ፈተና የለመዱ ናቸውና። ሁለቱም ትክክል ነው፤ የቱን እንደሚፈልጉ የሚያውቀው ጸሐፊው ነው። ሰዋስው እንደ ስሕተት ዝርዝር ሳይሆን እንደ ምርጫ የሚገባቸው እንዲህ ባለው ሰዓት ነው።

ከ«እኔ» ወደ «እሱ» ስለሚንሸራተተው ብዙ አይጨነቁ። ልጁ ሰዋስው አልጎደለውም፤ የሚተርከው ማን እንደሆነ ገና አልወሰነም። አንድ አንቀጽ ብቻ አስመርጠው ከ«እኔ» ወደ «እሷ» ያስቀይሩት፤ ስንት ግስ እንደተነካ ሲቆጥር ይገባዋል። ንግግርንም እዚያው ያስነኩ፦ «ልጁ ታምሜአለሁ አለኝ» ላይ ትምህርተ ጥቅስ ካልገባ የታመመው ማን ነው?

አሁን ወዳቆየናት ነገር እንመለስ። እንዲህ ባለው ትምህርት ደህና የሚጽፉት ይበልጥ ከተጠቀሙ፣ እጃቸውን የማያወጡት ከኋላ ይቀራሉ ማለት ነው። 60 ተማሪ ባለበት ክፍል ይኼ በግልጽ ይታያል። እኔን የረዳኝ ማንም ሳይናገር እንዳይጽፍ ማድረግ ነው። ታሪኩን መጀመሪያ ለጎረቤቱ በሦስት ደቂቃ ያወራዋል፤ ጎረቤቱ ግራ በገባው ቁጥር «ማን?» ብቻ ብሎ ይጠይቃል፤ ሌላ ምንም አይልም። ደካማው ልጅ ወረቀት ላይ የሚጎድለውን ባለቤትና ተሳቢ አፉ ላይ እያለ ይሞላዋል። ሌላው ዘዴ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዐረፍተ ነገሮች ክፍሉ በጋራ ሰሌዳ ላይ እንዲጽፋቸው ነው፤ ባዶ ወረቀት የሚያስፈራው ልጅ ከአራተኛው ይጀምራል።

ስለ እርማቱ። ሦስት ሌሊት ያሉት አንገበገበኝ፤ ልጆቹ ማጠፋቸውም አልገረመኝም። አንድ ገጽ ላይ 30 ቀይ ምልክት ያየ ልጅ የሚያነበው አንድ ነገር ነው፤ «አልቻልክም» የሚል። ለአንድ ታሪክ አንድ ዒላማ ይያዙ፤ ሲያስጽፉም ይንገሯቸው። ዒላማው ማሰሪያ አንቀጽ ከሆነ የ«ሀ» እና የ«ሐ» ስሕተት ላይ ዓይንዎን ይጨፍኑ። ጣትን እንደ መንከስ ነው፣ አውቃለሁ። ስሕተቱ ያለበት መስመር ዳር ላይ ነጥብ ብቻ ያድርጉ፤ ፈልጎ የሚያገኘው ልጁ ይሁን። በእያንዳንዱ ዙር 12 ወረቀት ብቻ በጥልቀት ያንብቡ፤ በአምስት ዙር 60ውም ይዳረሳል፤ የቀሩትን ገረፍ አድርገው ይለፉ። ከእያንዳንዱ ዙር ሦስት ዐረፍተ ነገር የባለቤቱን ስም ሳይጠሩ ሰሌዳ ላይ ያውጡ፤ ሁለቱ ያማሩ፣ አንዱ መጠገን የሚፈልግ። ወረቀቱን ሲመልሱ ደግሞ ውጤት አይጻፉበት። 10 ደቂቃ ይስጧቸውና አንዲት ዐረፍተ ነገር እንደገና ይጻፉ፤ ውጤቱ ከዚያ በኋላ ይምጣ። ውጤት አስቀድመው ከሰጡ ያጥፉታል፤ እኔም ብሆን አጥፈዋለሁ።

ሕልሙን ይከልክሉ። ክልከላው ብቻ ግን አይበቃም፤ ልጁ ወደ ሕልም የሚሸሸው ታሪኩን የሚዘጋበት ሲያጣ ነው። መጨረሻውን አስቀድመው ይስጡት፦ «በሩን ቆልፋ ቁልፉን መለሰችለት።» እዚህ ለመድረስ ማን እንደቆለፈች፣ ለማን እንደመለሰች፣ በመካከላቸው ምን እንደነበረ መፍጠር አለበት፤ «መለሰችለት» የምትለዋ አንዲት ቃል ሁለት ሰው ታቅፋለችና ሁለቱንም ማምጣቱ ግድ ይሆናል።

ለኃላፊውም ክርክር አይግጠሙ። ፈተናው ምርጫ ከሆነ ምርጫ ይስጧቸው፤ ከልጆቹ ታሪክ አውጥተው። «የባለቤቱን ጾታ የማያሳውቀው ግስ የቱ ነው? ሀ. ከፈተች ለ. ከፈተ ሐ. ከፈትኩ መ. ትከፍታለች።» ሌባ የደበቀ ልጅ ይህን ዓይኑን ጨፍኖ ይመልሳል። ወረቀቱን ለኃላፊው ያሳዩ፤ የመጽሐፉ ጥያቄ ይመስላቸዋል። ሁሉንም ነገር በታሪክ ለማስተማርም አይሞክሩ። አንዳንዱ የርባታ ሕግ ደረቅ ነው፤ ደርቆ መሰጠት አለበት። እኔ ከሳምንቱ አምስት ክፍለ ጊዜ ለታሪክ የምሰጠው ሁለቱን ነው፤ የቀረው መጽሐፍ፣ ሰንጠረዥና ልምምድ ነው።

ቀዩን እስክሪብቶ ልጣለው ወይ ላሉት፣ ቀለሙ ላይ ነገር የለኝም። እኔ ግን በእርሳስ ነው የማርመው፤ ምክንያቱም አልፎ አልፎ የራሴን እርማት ማጥፋት አለብኝ። አንዲት ልጅ ስለ አንድ መልእክተኛ ስትጽፍ «ሄዶ ሄዶ ሄዶ ሄዶ ደረሰ» ብላ ነበር። ሦስቱን ሰረዝኩና ዳር ላይ «ድግግሞሽ» ብዬ ጻፍኩ። ወረቀቱን ይዛ መጣች። «መምህር፣ አንዱን ብቻ ከተዉልኝ እኮ ቅርብ ነው ማለት ነው» አለችኝ። ላጲስ ከእሷው ተበድሬ ሦስቱንም መለስኩላት።